ከላይ ባዶ ጫካ፣ ከታች የሰው ማሳ፦ ለኖቬምበር መጨረሻ አደን የሕዝብ መሬት አመራረጥ

ጥያቄ፦ «የምኖረው ኮሎራዶ፣ አውሮራ ውስጥ ነው። ባለፈው ዓመት በሦስተኛው የጠመንጃ ወቅት ሚዩል ዲር የተባለውን አጋዘን ለማደን ከክሬምሊንግ በላይ ወዳለው ብሔራዊ ደን ወጥቼ ነበር። የመረጥኩትም ካርታው ላይ ከሁሉ የሰፋው እሱ ስለሆነ ነው። 10,000 ጫማ ላይ፣ ጉልበት በሚደርስ በረዶ ውስጥ ስንከራተት ከርሜ አንድ የአጋዘን ዱካ እንኳ ሳላይ ተመለስኩ። ስወርድ ግን ከመንገዱ ዳር በታጠረ የድርቆሽ ማሳ ውስጥ ከሠላሳ የማያንሱ ቆመው ሲግጡ አየሁ። ዘንድሮ እዚያው አካባቢ ለአራተኛው ወቅት የወንድ አጋዘን ፈቃድ ዕጣ ወጥቶልኛል። ያለኝ አምስት ቀን ነው፤ ለግል ራንች የምከፍለው ገንዘብም የለኝም። በሕዝብ መሬት ላይ የት ልሂድ? ካርታው ላይ ቢጫ የሆነው የቢኤልኤም (የፌዴራሉ የመሬት አስተዳደር ቢሮ) መሬት ትንንሽና የተበጣጠሰ ነው፤ ያዋጣል ወይ?» — ተ.፣ ከአውሮራ

መልስ፦

ውድ ተ.፣

ባለፈው ዓመት በዓይንዎ ያዩት ነገር የጥያቄዎን ግማሽ መልሶታል። ጫካው ባዶ የሆነብዎት አደኑን ስላላወቁበት አይደለም፤ እንስሳቱ ወርደው ስለነበር ነው። ማሳው የሞላውም የበረዶውን ወራት በሚያሳልፉበት ከፍታ ላይ ስለሚገኝ ነው።

በኦክቶበር የሚያድን ሰው የመሬቱን ስፋት አይቶ ቢመርጥ ያስኬደዋል። በኖቬምበር መጨረሻ ግን ስፋቱ ብቻውን ምንም አይነግርዎትም። ስለ እያንዳንዱ መሬት ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ በረዶ ከጣለ በኋላ አጋዘን በሚቆምበት ከፍታ ላይ ነው ወይ? ከሆነስ የማንንም መሬት ሳልረግጥ በሕጋዊ መንገድ ልደርስበት እችላለሁ ወይ? ለሁለቱም «አዎ» የሚል 500 ኤከር፣ ለአንዱ ብቻ «አዎ» ከሚል 50,000 ኤከር ይሻላል። ስለዚህ ቢጫው ያዋጣል፤ ዘንድሮ ሙሉ ትኩረትዎን እሱ ላይ ያድርጉ።

በመጀመሪያ ከፍታውን እንመልከት። ክሬምሊንግ ባለችበት በሚድል ፓርክ ሸለቆ ዙሪያ ያለው ሚዩል ዲር በጋውን ከዛፍ መጨረሻው መስመር አቅራቢያ ከሚገኘው ቁር ደጋ ላይ ያሳልፍና ብርዱ ሲበረታ ወደ ሸለቆው ይወርዳል። ሁሉም አንድ ላይ አይወርድም። ሴቶቹና ግልገሎቹ ይቀድማሉ፤ ትልልቆቹ ወንዶች በረዶው እስኪያስገድዳቸው ወይም የስሪያው ወቅት እስኪጎትታቸው ድረስ ላይ ይቆያሉ። እዚያው ሚድል ፓርክ ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1970 የታተመ ጥናት፣ የበረዶው ጥልቀት 18 ኢንች (46 ሴንቲ ሜትር ገደማ) ሲያልፍ አጋዘኑ ቦታውን እንደሚለቅ አሳይቷል። ከዚያ ጥልቀት በላይ ደረቱ በረዶውን እያረሰ ስለሚሄድ እያንዳንዱ እርምጃ ጉልበቱን ይጨርሰዋል፤ የሚቀነጥበው ቁጥቋጦም ይቀበራል። አሥር ኢንች በረዶ ያዘገየው እንደሆነ እንጂ አያባርረውም።

ይህን ቁጥር ቤትዎ ሆነው መከታተል ይችላሉ። ስኖቴል የሚባሉት የፌዴራል የበረዶ መለኪያ ጣቢያዎች የዕለቱን ጥልቀት በነጻ ያሳያሉ። ለዩኒትዎ (ፈቃድዎ ለሚሠራበት የአደን ክልል) የሚቀርበውን፣ ከተቻለ ከ9,000 እስከ 9,500 ጫማ ላይ ያለውን ጣቢያ ይምረጡና ከኖቬምበር 1 ጀምረው በየሁለት ቀኑ ይመልከቱት። ወቅቱ ሳይከፈት 18 ኢንች ከሞላ ከዚያ ከፍታ በላይ ያለውን መሬት በሙሉ ከዝርዝርዎ ይሰርዙ። ከ10 በታች ከሆነና ቀኖቹ ሞቃት ከሆኑ ግን ትልልቆቹ ወንዶች ገና 8,500 እና 9,500 ጫማ መካከል፣ የአስፐን ዛፎች አልቀው ቁጥቋጦው በሚጀምርበት ጠርዝ ላይ ሊሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ አንድ ሳይሆን ሦስት ቦታ ያዘጋጁ፤ አንዱ ዝቅ ያለ፣ አንዱ መካከለኛ፣ አንዱ ከፍ ያለ ይሁን። የትኛው እንደሚቀድም የሚወስነው የመጨረሻው ሳምንት በረዶ ነው።

ካርታ አንብበው ሰዎች የሚሳሳቱበት አንድ ቦታ አለ፤ ብዙ ጥሩ አዳኞችም ይሳሳቱበታል። የኮሎራዶ ፓርኮችና የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት፣ ሲፒደብሊው፣ ያዘጋጀው የአደን አትላስ አጋዘን በበረዶ ወራት የሚውልባቸውን ቦታዎች በሦስት ሽፋን ያሳያል። የመጀመሪያው ሽፋን ከአሥር ዓመት በአምስቱ፣ ማለትም በመደበኛ ዓመት፣ ከመጀመሪያው ከባድ በረዶ እስከ ጸደይ ልምላሜ ድረስ ከመንጋው 90 በመቶው የሚገኝበት ሰፊ ክልል ነው። ሁለተኛው በዚያ ክልል ውስጥ እንስሳቱ እጅግ ተጠጋግተው የሚታዩበት ነው። ሦስተኛው ደግሞ ከአሥር ዓመት ሁለቱ እጅግ ክፉ ሲሆኑ የሚሸሹበት የመጨረሻ መጠለያ ነው። አዳኙ ሦስተኛውን ሲያይ «ጥግ የያዙት እዚህ ነው» ብሎ ወደዚያ ይነዳል። በአራተኛው ወቅት ግን አጋዘኑ ገና እዚያ አልደረሰም፤ የሚደርሰው ምናልባት በጃንዋሪ ነው፤ በደህና ዓመት ጭራሽ ላይደርስ ይችላል። እርስዎ የሚፈልጉት የመጀመሪያውን ሽፋን የላይኛውን ግማሽ ነው፤ በተለይም የፍልሰት መስመር የሚያቋርጠውን።

ክሬምሊንግ ከተማ ራሷ 7,300 ጫማ ላይ ናት፤ የሸለቆው ወለል ያ ነው ማለት ነው። በመደበኛ ኖቬምበር ከ7,500 እስከ 8,700 ጫማ (ከ2,300 እስከ 2,650 ሜትር ገደማ) ያለውን ቀበቶ ይያዙ። ዩኒትዎ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ሚከርና ራይፍል ቢሆን ኖሮ መሬቱ ዝቅ ስለሚል ቀበቶውም በ1,000 ጫማ ገደማ ይወርድ ነበር። ከክሬምሊንግ በስተደቡብ ሀይዌይ 9 ላይ እ.ኤ.አ. በ2016 የተጠናቀቁትን ሁለት የእንስሳት ድልድዮችና አምስት የመንገድ ሥር መተላለፊያዎች ሳያዩ አልቀሩም። የተሠሩት ከሁለቱም ጎን ተራራ የሚወርደው አጋዘን ወደ ብሉ ወንዝ ሸለቆ ሲያቋርጥ ከመኪና ጋር ይጋጭ ስለነበር ነው። መተላለፊያው አጠገብ ማድፈጥ ተገቢ አይደለም፤ ነገር ግን ከየትኛው ሸንተረር ወደ የትኛው ሸለቆ እንደሚወረድ ከመተላለፊያዎቹ አቀማመጥ መማር ይቻላል።

በዚህ ቀበቶ ውስጥ የቱን ተዳፋት? ፊቱን ወደ ደቡብ ወይም ወደ ደቡብ ምዕራብ የሰጠውን። የኖቬምበር ፀሐይ ዝቅ ብላ ስለምትሄድ በረዶውን የምታቀልጠው እዚያ ነው፤ ፊቱን ወደ ሰሜን የሰጠው ጎን 15 ኢንች ሲይዝ የደቡቡ ሦስት ኢንች ብቻ ሊይዝ ይችላል። ቀጥሎ የሚበላውን ይፈልጉ። አጋዘን እንደ ከብት ደረቅ ሣር ብቻ በልቶ አይከርምም፤ የሚያቆየው የቁጥቋጦ ጫፍ ነው፦ ሴጅብረሽ፣ ቢተርብረሽ፣ ሰርቪስቤሪ፣ ማውንቴን ማሆጋኒ። ከዚያ ከሁለትና ከሦስት መቶ ሜትር ባልበለጠ ርቀት ቀን የሚተኛበት ጥላ ሊኖር ይገባል፤ በሚድል ፓርክ ይህ አብዛኛውን ጊዜ ጥድ ነው፣ የሀገራችን ጥድ የቅርብ ዘመድ። በሳተላይት ምስል ላይ ግራጫ አረንጓዴ ሸካራ ሆኖ የሚታየው ቁጥቋጦ ነው። ወጥ ሆኖ ገለባ የሚመስለው ብዙ ጊዜ ቺትግራስ የተባለ ወራሪ ሣር የያዘው መሬት ስለሆነ ጊዜዎን አያባክኑበት።

የተቃጠለ መሬትም ይፈትሹ። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2020 የተነሣው የኢስት ትራብልሰም ቃጠሎ ከክሬምሊንግ ሰሜን ምሥራቅ ጀምሮ ከ190,000 ኤከር በላይ በልቷል። እንዲህ ያለ መሬት ከጥቂት ዓመታት በኋላ አዲስ ቁጥቋጦ ስለሚያበቅል አጋዘን ይወደዋል። ሆኖም አብዛኛው ከፍ ያለ ስለሆነ በረዶው ሳስቶ በቆየበት ዓመት ብቻ ነው የሚጠቅምዎት። ቆመው የቀሩት የሞቱ ዛፎችም በነፋስ ቀን ይወድቃሉና ከሥራቸው አይቀመጡ፣ ድንኳንም አይትከሉ።

አሁን ወደ ጎረቤቱ እንምጣ፤ በዚህ ወቅት የሕዝብ መሬትን ዋጋ የሚወስነው አጠገቡ ያለው የግል መሬት ነው። ያዩት የድርቆሽ ማሳ አጋዘኑን ማታ ማታ ይስባል። ቀን ግን ክፍት ማሳ ላይ መተኛት ስለማይወድ ጎህ ሲቀድ ወደ ጥዱና ወደ ተዳፋቱ ይወጣል፤ ያ መኝታ ብዙ ጊዜ ቢጫ መሬት ላይ ነው። ስለዚህ ከታች በማሳ፣ ከላይ በደን መካከል የተጨመቀች፣ በውስጧም የደቡብ ተዳፋትና የጥድ ጥላ ያላት ቢጫ ቁራሽ ካገኙ ምልክት ያድርጉባት። አጥሩ ሥር ግን አያድፍጡ። አንደኛ፣ አጋዘኑ ሲመጣ ያየዎትና ወደ ማሳው ይመለሳል። ሁለተኛ፣ የቆሰለ እንስሳ ጥቂት ዘሎ አጥሩን ያልፋል። ከድንበሩ ቢያንስ 400 ሜትር ወደ ውስጥ ይግቡ፣ መኝታው ወዳለበት።

ጊዜዎን በብዛት መውሰድ ያለበት የመግቢያው ጉዳይ ነው። የቢኤልኤም ካርታ ቀለሞችን ያውቃሉ፦ ቢጫ ቢኤልኤም፣ አረንጓዴ ብሔራዊ ደን፣ ነጭ የግል፣ ሰማያዊ የስቴት። ሰማያዊው ብዙ ሰው ያሳስታል። አገሩ ሲለካ አንድ ማይል በአንድ ማይል፣ ማለትም 640 ኤከር በሆኑ ክፍሎች ተሸንሽኖ፣ 16ኛውና 36ኛው ክፍል ለትምህርት ቤቶች ገቢ እንዲሆን ለስቴቱ ተሰጥቷል። በኮሎራዶ ይህ መሬት «የመንግሥት ነው» ተብሎ አይገባበትም፤ ሲፒደብሊው ለአደን ተከራይቶ በሕዝብ መግቢያ ፕሮግራሙ ውስጥ ያስገባው ብቻ ነው ክፍት። ዝርዝሩ በየዓመቱ ይታደሳልና የዘንድሮውን ይመልከቱ። «የስቴት የዱር እንስሳት ክልል» የሚባሉት ደግሞ ሌላ ናቸው፤ በአደን ፈቃድዎ ይገቡባቸዋል፣ ነገር ግን እያንዳንዱ የራሱ ደንብ አለው፤ አንዳንዱም እንስሳቱ እንዳይረበሹ በበረዶው ወራት ይዘጋል።

ካርታ ላይ መንገድ መሣሉ ለሕዝብ ክፍት ነው ማለት አይደለም። በነጭ አልፎ ወደ ቢጫ የሚገባ መንገድ ሁሉ አጠራጣሪ ነው። የካውንቲ መንገድ ቁጥር ካለው በአብዛኛው አስተማማኝ ነው፤ ቁጥር ከሌለው የክሬምሊንጉን የቢኤልኤም ቢሮ ስልክ ደውለው ይጠይቁ። ሲደውሉ «ከወንዙ ማዶ ያለው ኮረብታ» አይበሉ፤ ታውንሺፕ፣ ሬንጅና የክፍል ቁጥሩን (የመሬቱን አድራሻ የሚያሳዩትን የቅየሳ ቁጥሮች) ከካርታው ጽፈው ይያዙና ሦስት ጥያቄ ያቅርቡ፦ ወደዚህ ክፍል የሚያስገባው መንገድ የሕዝብ መተላለፊያ መብት አለው ወይ? በአራተኛው ወቅት በሩ ክፍት ነው ወይስ ተዘግቷል? በቅርብ ጊዜ የተሸጠ ወይም የተለወጠ መሬት አለ ወይ? የመጨረሻው ጥያቄ እንዲያው የተጨመረ አይደለም። በዚያው በታችኛው ብሉ ሸለቆ ቢኤልኤም ከአንድ የግል ራንች ጋር የሚያደርገው የመሬት ልውውጥ እ.ኤ.አ. በ2023 ጸድቋል፤ ያረጀ የወረቀት ካርታ የያዘ ሰው ትላንት የሕዝብ የነበረ መሬት ላይ ዛሬ ተላላፊ ሊሆን ይችላል። ለብሔራዊ ደኑ መንገዶች ደግሞ የደን አገልግሎቱን የመኪና መንገድ ካርታ ያውርዱ፤ ነጻ ነው፤ የትኛው መንገድ በየትኛው ቀን እንደሚዘጋም ይናገራል።

ሁለት ቢጫ ክፍሎች በማዕዘን ብቻ ስለሚነካኩበት ቦታ ብዙ ሰው ስለሚጠይቅ እናንሣው። ከዋዮሚንግ በተነሣ ክርክር አሥረኛው የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት በማርች 2025 የግሉን መሬት ሳይረግጡ ከሕዝብ መሬት ወደ ሕዝብ መሬት በማዕዘኑ ላይ መሻገርን ደግፎ ወስኗል፤ ኮሎራዶም በዚያ ፍርድ ቤት ሥር ናት። ይሁን እንጂ ውሳኔው የሚረዳው ትክክለኛዋን የማዕዘን ነጥብ ላገኘ ሰው ነው። የስልክዎ ጂፒኤስ በጥቂት ሜትሮች ይስታል፤ በአፕ ላይ የሚታየው የድንበር መስመርም አንዳንዴ ከዚያ በላይ ይዛነፋል። ቀያሾች የተከሉትን የብረት ምልክት በዓይንዎ ካላዩ በዚያ አይለፉ። በአምስት ቀን አደን ውስጥ እንዲህ ባለ ነገር ላይ የተመሠረተ ዕቅድ ባይኖርዎት እንመርጣለን። አስታውሱ፣ በኮሎራዶ ባለርስቱ «አትግቡ» የሚል ምልክት የመትከል ግዴታ የለበትም። አጥር ወይም ምልክት አላየሁም ማለት ከቅጣት አያድንም።

የአዳኞችን ብዛትም ያስቡበት። ከመንገድ አንድ ማይል መራቅ ከብዙው ሰው ይለያል፤ ግን ርቀት ብቻውን ዋጋ የለውም። ከትልቅ የመኪና ማቆሚያ ሁለት ማይል ገብተው አሥር ሰው ከሚያገኙ፣ ሀይዌይ ዳር ሆና መቆሚያ ስለሌላት ሁሉም አልፏት የሚሄድ 300 ኤከር የምትሻልበት ጊዜ አለ። እንዲህ ያለችን ቁራሽ ለማግኘት የካውንቲው መንገድ ራሱ የቢጫውን ጠርዝ የሚነካባቸውን ነጥቦች አንድ በአንድ በካርታ ላይ ይከተሉ። በሁለቱ መካከል መቶ ሜትር ነጭ ካለ አይሆንም፤ ከነካ ግን መግቢያ አለዎት።

መንገዱ ላይ የሚያጋጥመውም ይታወቃል። የዚያ አገር አፈር ሸክላማ ነው፤ ጠዋት እንደ አስፋልት ደርቆ ያስገባዎትና እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ሲመታው ጎማውን ውጦ ያስቀርዎታል። ሳይነጋ ገብተው ማታ መልሶ ሲረጋ መውጣት ነው መፍትሔው። ለአራቱም ጎማ ሰንሰለት ይያዙ፤ ለሁለት ብቻ ከሆነ ቁልቁለት ላይ መኪናው ይሽከረከራል። ሰንሰለቱን በጓንት ማሰር ከቤትዎ ደጅ ላይ ይለማመዱ። አካፋ፣ ሙሉ ቤንዚንና ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚችል መኝታ ያስፈልግዎታል። መንገዱ እስከ የት ድረስ እንደሚጠረግ የካውንቲው የመንገድ ክፍል ይነግርዎታል።

ከአውሮራ ክሬምሊንግ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ በዚህ ዕድለኛ ነዎት። በኖቬምበር የመጀመሪያ ሳምንት አንድ ቀን ጠመንጃ ሳይዙ ደርሰው ይመለሱ። አጋዘን ለማየት አይጨነቁ፤ ሦስተኛው ወቅት እየቀረበ ወይም እየተካሄደ ስለሚሆን የሚያዩት በአራተኛው ላይኖር ይችላል። ማረጋገጥ ያለብዎት መግቢያው ክፍት መሆኑን፣ መኪና የት እንደሚቆምና ከየትኛው ነጥብ ላይ ሆነው ተዳፋቱን መቃኘት እንደሚችሉ ነው። የመቃኛ ነጥብ የሚመረጠው ከተዳፋቱ ፊት ለፊት፣ ከሸለቆው ማዶ ነው። እርስዎ ፊቱን ወደ ሰሜን በሰጠው ጎን ይቀመጣሉ፤ ፀሐይዋ ከጀርባዎ ትሆናለች፤ የሚያዩት የደቡብ ተዳፋት ሙሉ ብርሃን ያገኛል። ከ600 እስከ 1,200 ሜትር ርቀት ጥሩ ነው። አሥር እጥፍ የሚያጎላ ባይኖኩላር በሦስት እግር ማቆሚያ ላይ ከተጫነ በእጅ ከተያዘ ውድ መነጽር ይበልጣል። የሚቀመጡበት ጎን ጥላና በረዶ ስለሆነ ወፍራም ስፖንጅ ይዘው ይሂዱ፤ ብርድ ያስነሣው ሰው ከመቃኘት ወደ መንከራተት ይገባል፤ ሲንከራተትም እንስሳውን ያባርራል።

አራተኛው ወቅት ብዙ ጊዜ ረቡዕ ተከፍቶ እሑድ ያበቃል። ማክሰኞ ከቀትር በፊት ደርሰው ምሽቱን ይቃኙ። በዚያ ሰሞን ፀሐይ በአሜሪካ ሰዓት 7 ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ወጥታ 4፡40 ገደማ ትጠልቃለች፤ ቀኑ አጭር ነው። ሴቶቹን ይፈልጉ። ወቅቱ የስሪያው ጫፍ ስለሆነ ጠዋት ሴቶች ብቻ ባሉበት ተዳፋት ላይ ከሰዓት በኋላ ትልቅ ወንድ ሊመጣ ይችላል፤ እነሱን ካገኙ ቦታውን አይልቀቁ። እስከ ሁለተኛው ቀን ረፋድ ድረስ ሴት ካላዩ፣ ትኩስ በጠጥና ትኩስ ኮቴም ከሌለ፣ ቦታ ይቀይሩ። ሲቀይሩ ግን 20 ማይል ነድተው ወደማያውቁት አገር አይሂዱ፤ በዚያው ሸንተረር ላይ 500 ጫማ ይውረዱ፣ በረዶው ከሳሳ ደግሞ 500 ጫማ ይውጡ። የተሳሳተው ብዙውን ጊዜ ከፍታው እንጂ ሸለቆው አይደለም። ነፋሱንም ያስቡ፦ ጠዋት ቀዝቃዛው አየር ወደ ታች ይፈሳል፣ ተዳፋቱ ሲሞቅ ወደ ላይ ይዞራል። ስለዚህ ጠዋት ከሥር፣ ረፋድ ላይ ከጎን ወይም ከላይ ይቅረቡ። ቅዳሜ ሰው ይበዛል፤ በዚያን ቀን ዝቅተኛውን ቁራሽ ይተዉና መካከለኛው ላይ ጥዱ የሚወፍርበትን ይያዙ፤ የተነሡት እንስሳት የሚሸሹት ወደዚያ ነው።

ከመሄድዎ በፊት በመረጧቸው ቁራሾች ዙሪያ ያሉትን የራንች ባለቤቶች ስም ከካውንቲው የንብረት መዝገብ ያውጡ፤ ስልካቸውን ካገኙም ይያዙ። የመቱት አጋዘን አጥር ቢሻገር ያለ ፈቃድ መከተል አይችሉም። በጨዋነት ደውለው ሲጠይቁ ብዙዎቹ እምቢ አይሉም፤ ካልተገኙ ለአካባቢው የዱር እንስሳት ኦፊሰር ይደውሉ። ለርቀትም ልክ ያብጁለት፦ ከአንድ ትልቅ ወንድ ከአጥንት የተለየ ሥጋ 30 ኪሎ ገደማ ይወጣል፤ ብቻዎን በበረዶ ውስጥ ሁለት ምልልስ ነው። ከመኪናው ሦስት ኪሎ ሜትር ከራቁ ያ ምልልስ ሙሉ ቀን ይበላል፤ የፕላስቲክ ተንሸራታች ሣጥን መጎተት ግን ያቀለዋል። የፈቃዱን ታግ (መለያ ወረቀት) ወዲያው ፈርመው እንስሳው ላይ ያያይዙ፤ ፆታውን የሚያሳየውን አካል ከሥጋው ሳይለዩ ይተዉ። የሚበላውን ሥጋ ጥሎ ቀንድ ብቻ ይዞ መውጣት በኮሎራዶ ከባድ ወንጀል ነው።

ለሚቀጥለው ዓመት ዕጣ ሲያመለክቱ አንድ ነገር ይጠንቀቁ። ሲፒደብሊው የሚያወጣው የስኬት በመቶኛ የግልና የሕዝብ መሬትን አይለይም። በአራተኛው ወቅት ከፍ ያለ በመቶኛ ያለው ዩኒት አጋዘኑ በሙሉ ራንች ላይ የሚገደልበት ሊሆን ይችላል። በመቶኛውን ከማየትዎ በፊት የበረዶ ወራቱን ሽፋን በመሬት ቀለሙ ላይ ደርበው ምን ያህሉ ቢጫ እንደሆነ ይመልከቱ።

በመጨረሻ የሥጋው ነገር። ሲደብሊውዲ የሚባለው የአጋዘን የአንጎል በሽታ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በ1967 እዚያው ኮሎራዶ፣ ፎርት ኮሊንስ ሲሆን ዛሬ በአብዛኞቹ የስቴቱ መንጋዎች ውስጥ ይገኛል። በየዓመቱ የተመረጡ ዩኒቶች ምርመራ ግዴታ ይሆንባቸዋል፤ የእርስዎ ባይሆንም ጭንቅላቱን ሲፒደብሊው ቢሮ ወስደው ያስመርምሩ። በሽታው ያለበትን ሥጋ እንዳይበሉ የጤና ባለሥልጣናት ይመክራሉ። ሲያርዱም አከርካሪውን በመጋዝ አይቁረጡ፤ ሥጋውን ከአጥንቱ ላይ በቢላዋ ይለዩ። ውጤቱ እስኪመጣ ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ይወስዳል፤ የአራተኛው ወቅት ማብቂያ ከኅዳር 15፣ ከነቢያት ጾም መግቢያ ጋር ስለሚገጥም ጿሚ ከሆኑ ሥጋው እስከ ገና ፍሪዘር ውስጥ መቆየቱ አይቀርም። በጥይት የተገደለ የዱር እንስሳ ስለ መብላት ጥያቄ ካለዎት ደግሞ ከንስሐ አባትዎ ጋር ከጉዞው በፊት ይነጋገሩ። እያንዳንዱን ከረጢት በቀኑና በምርመራ ቁጥሩ ይጻፉበት፤ ለሥጋ ቤት የሚያስፈጩ ከሆነም ከሌላ ሰው አጋዘን ጋር እንዳይቀላቀል አስቀድመው ይስማሙ።